አሮጌ ብስክሌት ስለ መግዛትና ደኅናውን ክፍል ከክፉው ስለ መለየት

ሰው በእጁ የሠራው ነገር ሁሉ ያረጃል። ነገር ግን ክፍሎቹ ሁሉ በአንድ ቀን አያረጁም። የቤት ክዳን ሲበሰብስ ምሰሶው ደኅና ሆኖ ይገኛል፤ የማረሻው ብረት ሲያልቅ ሞፈሩ ገና ብርቱ ነው። ስለዚህ ብልህ ሰው አሮጌ ዕቃ ባየ ጊዜ፥ «ይህ አርጅቷል» ብሎ አይተወውም፤ «ርካሽ ነው» ብሎም አይቸኩልበትም። አስቀድሞ ከክፍሎቹ የትኛው እንዳለቀና የትኛው ገና እንደሚያገለግል ይመረምራል። ይህንም ለመማር ብስክሌት መልካም ምሳሌ ነው፤ ክፍሎቹ በውጭ ስለሚታዩ ትንሽ ልጅ እንኳ ሊያስተውላቸው ይችላል።

ብስክሌት በአንድ ሰው አሳብ ብቻ የተገኘ አይደለም። በዚህ ትምህርት የተጻፈው የዓመት ቍጥር ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው። በ1817 ዓ.ም. ካርል ፎን ድራይስ የሚባል የጀርመን ሰው ሁለት የእንጨት መንኰራኵሮች በአንድ መስመር አሰልፎ፥ በላያቸው ተቀምጦ መሬቱን በእግሩ እየገፋ ሄደ። በ1885 ዓ.ም. ጆን ኬምፕ ስታርሊ በእንግሊዝ አገር በኮቨንትሪ ከተማ የኋላው መንኰራኵር በሰንሰለት የሚዞርለትን ብስክሌት አወጣ። በ1888 ዓ.ም. ደግሞ በቤልፋስት ከተማ ይኖር የነበረ ጆን ቦይድ ደንሎፕ የሚባል የከብት ሐኪም ነፋስ የሚሞላውን ጎማ ለብስክሌት አበጀ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ተጨመረ፤ መሠረቱ ግን አልተለወጠም። ስለዚህ የ60 ወይም የ70 ዓመት ዕድሜ ያለው ብስክሌት፥ የያዘው ሰው ጠንቃቃ ከሆነ፥ ዛሬም በመንገድ ላይ ያገለግላል።

ከአሮጌ ብስክሌቶች ወገን በብዙ አገር የሚታወቀው፥ በእንግሊዝ አገር በኖቲንግሃም ከተማ ይሠራ የነበረው ራሌይ የሚባለው ጥቁር ብስክሌት ነው። ፍራንክ ቦውደን በ1888 ዓ.ም. በራሌይ መንገድ የነበረውን ትንሽ መሥሪያ ቤት ወደ ኩባንያ አሳደገው። በ20ኛው መቶ ዓመትም ብስክሌቱ ወደ አፍሪካና ወደ እስያ በብዛት ተላከ። አካሉ ከወፍራም የብረት ቧንቧ የተሠራ ስለ ሆነ ከባድ ነው፤ መንኰራኵሩ ትልቅ ነው፤ ፍሬኑም በሽቦ ፈንታ በቀጭን የብረት ዘንግ ይሳባል። ነገር ግን በ2002 ዓ.ም. በኖቲንግሃም ብስክሌት መሥራት ቀረ። ስለዚህ የጥንቱን ክፍል የሚፈልግ ሰው ብዙ ጊዜ ከሌላ አሮጌ ብስክሌት ማውጣት ያስፈልገዋል።

እንዲህ ያለውን ብስክሌት የሚገዛ ሰው መጀመሪያ ሊጠይቅ የሚገባው ስለ ብረቱ አይደለም፤ ስለ ባለቤቱ ነው። ሻጩ ከየት እንዳገኘው ይጠየቅ። በብዙ ብስክሌት ከኮርቻው በታች ባለው ቧንቧ ወይም ከፔዳሉ ዘንግ በታች ቍጥር ተቀርጾ ይገኛል። ያ ቍጥር በሞረድ ተፍቆ የተገኘ እንደ ሆነ፥ ወይም ሻጩ ቃሉን የሚለዋውጥ እንደ ሆነ፥ ገዢው ገንዘቡን በኪሱ ይዞ ይመለስ። የተሰረቀ ነገር በርካሽ የሚሸጠው የሌላ ሰው ዕንባ ስላለበት ነው። ሌባ የሚሰርቀው የሚገዛው ሰው ስላለ ነውና፥ አውቆ የገዛ ሰው ከሌባው ጋር ተካፋይ ይሆናል።

ከዚህ በኋላ ብስክሌቱ በቀን ብርሃን ይታይ እንጂ በማታ አይታይ። ገዢው አስቀድሞ የብረቱን አካል ይመልከት። ከኋላው ቆሞ በአንድ ዐይን ሲያይ ሁለቱ መንኰራኵሮች በአንድ መስመር መሆን አለባቸው። ቀጥሎም የፊተኛውን ሹካ ይመልከት፤ ሹካ ማለት የፊተኛውን መንኰራኵር በሁለት እግሮቹ መካከል የሚይዘው ብረት ነው። ሹካው ወደ ኋላ ታጥፎ እንደ ሆነ ብስክሌቱ ከግንብ ወይም ከጋሪ ጋር ተጋጭቷል ማለት ነው። ቧንቧዎቹ በሚጋጠሙበት ስፍራ ስንጥቅ እንዳለ በጥፍሩ እየዳሰሰ ይፈልግ። ጥቂት ዝገት አያስፈራ፤ ላይ ላዩን ከሆነ ይፋቃልና። ይልቁንስ በአሮጌ ብረት ላይ በቅርብ የተቀባ አዲስ ቀለም ያስጠርጥር። ቀለም ያስጌጣል፤ ደግሞም ይሸፍናል።

በአንድ ከተማ ወደ ሥራው በእግሩ የሚመላለስ ወጣት ነበረ። የ8 ወር ገንዘብ አጠራቅሞ ቀለሙ የሚያበራ ብስክሌት ገዛ፤ ፍሬኑንም እንዲያስተካክሉለት ወደ አንድ ሽማግሌ ብስክሌት ጠጋኝ ወሰደው። ሽማግሌውም አካሉን ሁሉ በእጃቸው ዳሰሱ፤ ወደ ፊተኛው ሹካ ራስ በደረሱ ጊዜ ግን እጃቸው ቆመ። ቀለሙንም በካራ ጫፍ ፋቁት። ከቀለሙም በታች እንደ ጠጕር የቀጠነ ስንጥቅ ብረቱን እስከ እኩሌታው ዞሮት ታየ።

ወጣቱም ደንግጦ፥ «አባቴ፥ በብየዳ አይያዝምን?» አላቸው። ሽማግሌውም፥ «ልጄ፥ ሰንሰለት ቢበጠስ ትቆማለህ፤ ጎማ ቢተነፍስ ወርደህ ትገፋዋለህ። ይህ ሹካ በቍልቍለት ላይ ቢሰበር ግን ፊትህ ከድንጋይ ጋር ይገናኛል። እኔ አልበይደውም» አሉት። ወጣቱ ጥቂት ዝም ብሎ፥ «እንግዲያውስ ቀለሙን መልሰው ይቀቡልኝ፤ እኔም እንደ ተሸጠልኝ ለሌላ ሰው ልሽጠው። አለዚያ የ8 ወር ድካሜ ከንቱ ይቀራል» አለ። ሽማግሌውም፥ «የሚገዛህ ሰውም እንደ አንተ የእናት ልጅ ነው። አንተ ብስክሌት ሸጥሁ ትላለህ፤ እርሱ ግን ሞቱን ገዝቶ ይሄዳል» ብለው መለሱለት። ወጣቱም ራሱን ደፍቶ ብዙ ጊዜ ቆየ። ከዚያ በኋላ መጋዝ ለመነና ሹካውን በገዛ እጁ ለሁለት ቈረጠው፤ ማንም ዳግመኛ እንዳይቀባው።

በዚያን ጊዜ ሽማግሌው፥ «ሹካው ሞተ እንጂ ብስክሌቱ ሁሉ አልሞተም፤ አሁን የቀረውን እንቍጠር» ብለው የሌሎቹን ክፍሎች ምርመራ አስተማሩት። ትምህርታቸውም እንዲህ ነበረ።

መንኰራኵር የሚመረመረው ከመሬት ከፍ አድርጎ በማሽከርከር ነው። ቸርኬው፥ ማለት ጎማው የሚያርፍበት ክብ ብረት፥ ሲዞር ወደ ጎን የሚወዛወዝ እንደ ሆነ ሽቦዎቹ ላልተዋል ወይም ቸርኬው ተጣሟል። የሽቦዎቹ ቍጥር በእንግሊዝ ብስክሌት ብዙ ጊዜ በፊተኛው 32፥ በኋለኛው 40 ነው፤ የሰውየው ክብደት የሚበዛው በኋለኛው ላይ ነውና። የላላ ሽቦ ይጠብቃል፥ የተበጠሰውም ይተካል። ነገር ግን ዝገት የበላው ቸርኬ በፍሬን ሲያዝ ሊሰነጠቅ ስለሚችል ይጣል። ደግሞ መንኰራኵሩ በእጅ ተይዞ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ሲነቀነቅ ቃ ቃ የሚል እንደ ሆነ፥ በመካከሉ ያለው ኩሽኔታ ላልቷል ወይም አልቋል።

ሰንሰለት የሚመረመረው በመለኪያ ነው። ከአንዱ ፒን መካከል እስከሚቀጥለው ፒን መካከል ያለው ርቀት ግማሽ ኢንች ነው። ስለዚህ 24 መጋጠሚያዎች በአዲስነታቸው 12 ኢንች፥ ማለት 30 ሴንቲ ሜትር ከ5 ሚሊ ሜትር ያህል ይሆናሉ። ያው ስፍራ ተለክቶ 30 ሴንቲ ሜትር ከ8 ሚሊ ሜትር የሞላ እንደ ሆነ ሰንሰለቱ አልቋል። ብረቱ ተለጥጦ አይደለም፤ ፒኖቹ ተፍቀው ስለ ቀጠኑ ነው እንጂ። ያለቀ ሰንሰለት የሚዞርበትን ጥርሳም ብረት ደግሞ ይበላል፤ ጥርሱም እንደ መጋዝ ይሾላል። ሰንሰለቱን በጊዜ ያልለወጠ ሰው ኋላ ሁለቱንም ይገዛል።

በብዙዎቹ የእንግሊዝ ብስክሌቶች በኋላው መንኰራኵር መካከል ስተርሚ አርቸር የሚባል ሦስት ማርሽ ያለው ዕቃ ይገኛል። በመካከለኛው ማርሽ መንኰራኵሩ ሰንሰለቱ እንዳዞረው ይዞራል፤ ለዳገት በሚሆነው አዟዟሩ በአንድ አራተኛ ይቀንሳል፤ ለሜዳ በሚሆነው በአንድ ሦስተኛ ይጨምራል። በሽፋኑም ላይ የተሠራበት ዓመትና ወር ተቀርጾ ይገኛል፤ 52 እና 6 የሚል ቢነበብ በ1952 ዓ.ም. በ6ኛው ወር ተሠራ ማለት ነው። እንደዚህ ያለ ዕቃ ለብዙ ዓመት ቆሞ አልዞርም ቢል፥ ገዢው ሞቷል ብሎ አይፍረድበት። ብዙ ጊዜ ዘይቱ ደርቆ ነው እንጂ ብረቱ ደኅና ነው። በትንሿ ቀዳዳ ቀጭን ዘይት ተጨምሮበት አንድ ቀን ቢቆይ ብዙ ጊዜ ይነቃል።

ይህ ሁሉ ከተመረመረ በኋላ ገዢው በወረቀት ላይ ሁለት ረድፍ ይጻፍ። በአንዱ ረድፍ ደኅና ሆነው የተገኙትን፥ በሁለተኛው አዲስ መግዛት የሚያስፈልገውን ከነዋጋው ያድርግ። የሁለተኛው ረድፍ ዋጋ ከብስክሌቱ ዋጋ ጋር ተደምሮ ከደኅና ብስክሌት ዋጋ የሚበልጥ እንደ ሆነ፥ ርካሹ ውድ ሆነ ማለት ነው። ጌታችን በወንጌል ግንብ ጀምሮ ሊፈጽመው ስላልቻለው ሰው ያስተማረው፥ ሥራ የሚጀምር ሁሉ አስቀድሞ ወጪውን እንዲያስብ ነው።

ክፍሎቹን ለማውጣት የሚነሣ ሰው ትዕግሥት ያስፈልገዋል። የዛገ ዳዶ በጕልበት ቢፈታ ጠርዙ ይላጣል፤ ወይም ብሎኑ ይቈረጣል። ስለዚህ በማታ ዘይት ይንጠብበት፥ በማግሥቱም ይፈታ። ደግሞ ይህን ይወቅ፤ የቀኙ ፔዳል እንደ ሌላው ብሎን ሁሉ ወደ ግራ ሲዞር ይፈታል፥ የግራው ፔዳል ግን ወደ ቀኝ ሲዞር ነው። ይህን የማያውቅ ሰው ሊፈታው ሲታገል ያጠብቀዋል። የፔዳሉ ክንድ በዘንጉ ላይ በትንሽ የብረት ሽብልቅ ተይዟል። ሽብልቁ በመዶሻ ሲመታ ከክንዱ በታች ጠንካራ እንጨት ይደገፍ፤ አለዚያ ዘንጉ ይጣመማል። ሽብልቅ በርካሽ ይገኛል፤ ጥሩ ዘንግ ግን በቀላሉ አይገኝም።

ኩሽኔታው በሚከፈትበት ጊዜ ከበታቹ ጨርቅ ይነጠፍ። በውስጡ ብይ የመሰሉ ትንንሽ የብረት እንክብሎች አሉ፤ በፔዳሉ ዘንግ ላይ በየወገኑ 11 ይገኛሉ። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» የተባለው በዚህ ስፍራ በእውነት ይፈጸማል፤ ያለ ጨርቅ የከፈተ ሰው ቀኑን ሁሉ በአፈር ውስጥ እንክብል ሲለቅም ይውላልና። የወጣው ክፍል ሁሉ በላምባ ታጥቦ ይድረቅ፤ ይህም ከእሳት ርቆ በደጅ ይደረግ። ከዚያም የእያንዳንዱ ስፍራ ዕቃ በየቆርቆሮው ተለይቶ ይቀመጥ፥ ስሙም ይጻፍበት።

የታጠበው ነገር በሦስት ይከፈላል። መጀመሪያው እንዳለ የሚያገለግል ነው፤ አካሉ፥ መሪው፥ ኮርቻው፥ ደወሉ፥ ጭቃ መከላከያው በዚህ ይገኛሉ። ሁለተኛው በጥቂት ሥራ የሚድን ነው፤ የላላ ሽቦ፥ የደረቀ ኩሽኔታ፥ የተጐዳ ቀለም በዚህ ይቈጠራሉ። እንክብሎቹ አንዱ እንኳ የተቦረቦረ እንደ ሆነ ሁሉም በአንድነት ይለወጡ፤ ዋጋቸው ትንሽ ነውና፥ ክፉው ደግሞ ደኅናውን ያበላሻልና። ሦስተኛው ሊድን የማይገባው ነው፤ የተሰነጠቀ ሹካ፥ ተጣሞ የተቃና መሪ፥ የተሰነጠቀ የፔዳል ክንድ፥ እንደ ድንጋይ የደረቀ የፍሬን ላስቲክ ናቸው። ይህን ሦስተኛውን ክፍል ማንም አንሥቶ እንዳይጠቀምበት ሰብሮ መጣል ይገባል።

አንድ ክፍል ደኅና ስለ ሆነ ለሁሉ ብስክሌት ይሆናል ማለት አይደለም። በራሌይ ብስክሌት የፔዳሉን ዘንግ የሚይዙት ክዳኖች በአንድ ኢንች ውስጥ 26 የብሎን ጥርስ አላቸው፤ በብዙዎቹ በሌሎቹ ግን 24 ነው። በዐይን ሲታዩ አንድ ይመስላሉ። በግድ የገጠማቸው ሰው ግን ክዳኑንም ቧንቧውንም ያጠፋል። ደኅና ነገር በማይስማማው ስፍራ በግድ ቢገባ ጥፋት ያደርጋል።

ያ ወጣትም ሹካውን ከቈረጠ በኋላ ጥቂት ወራት ጠበቀ። አንድ ቀን ከጋሪ ጋር ተጋጭቶ አካሉ የተጣመመ፥ ሹካው ግን ደኅና የሆነ የዚያው ዓይነት ብስክሌት በትንሽ ዋጋ አገኘ። የሹካውን ግንድ ቁመት ለካው፥ ለእርሱም ብስክሌት ልክ ሆነ። ሽማግሌውም ሹካውን በብርሃን አዙረው ስንጥቅ እንደሌለበት አዩለት። እንዲህም ከሁለት የማይሄዱ ብስክሌቶች አንድ የሚሄድ ወጣ፤ አንድ ኮርቻ፥ ሁለት ቸርኬና አንድ ሰንሰለትም ተረፉት። ተርፎ የቀረውን ሰንሰለት በሸጠ ጊዜ፥ ገዢው ሳይጠይቀው፥ «ይህ እኩሌታው አልቋል፤ ለአዲስ አትክፈልበት» አለው። ገዢውም ይህን በሰማ ጊዜ ኮርቻውን ደግሞ ከእርሱ ገዛ።

ለብስክሌት የማይሆነውም ለሌላ ሥራ ይሆናል። የተቀደደ የውስጥ ጎማ ተቈርጦ ሌላውን ጎማ ለመጠገንና ጭነት ለማሰር ያገለግላል። በአዲስ አበባ በመርካቶ ምናለሽ ተራ በሚባለው ስፍራ አሮጌ ብረትና ቆርቆሮ እየተቀጠቀጠ ምድጃና ሌላም የቤት ዕቃ ሲሆን ይታያል፤ በአስመራም መደበር በሚባለው ገበያ እንዲሁ ይደረጋል። በአሜሪካ ደግሞ ዊልበርና ኦርቪል ራይት የሚባሉት ወንድማማቾች ብስክሌት ሠሪዎች ነበሩ። በ1903 ዓ.ም. በአየር ላይ የበረረውን መሣሪያ በሠሩ ጊዜ የሞተሩን ኀይል ወደ ማራገቢያዎቹ ያደረሱት እንደ ብስክሌት ባለ ሰንሰለት ነው፤ መሣሪያው ለመነሣት በሐዲድ ላይ የሮጠውም በብስክሌት መንኰራኵር እምብርት ነው።

እንግዲህ በአሮጌ ነገር ላይ ሁለት ስሕተቶች ይደረጋሉ። አንዱ ሰው ስለ አንድ ስብራት ሁሉን ይጥላል፤ ይህ ማባከን ነው። ሌላው ገንዘቡን ስለ መውደድ የተሰበረውን ሸፍኖ ያኖራል፤ ይህም ባልንጀራን መግደል ነው። ጌታችን ሕዝቡን በበረሃ ባበላ ጊዜ ምንም እንዳይጠፋ የተረፈውን ፍርፋሪ አስለቀመ፤ ለሰው መብል የሚሆነውን ነገር መናቅ አይገባምና። ነገር ግን ደኅናውን የሚለቅም እጅ ክፉውን ለመጣል ደግሞ የበረታ ይሁን።

ሰውንም በሚመለከቱበት ጊዜ ይህ ትምህርት ይታሰብ። አንድ ጕድለት ያለበት ጓደኛ ሁለንተናው የተበላሸ አይደለም፤ ደኅናው ነገሩ ተፈልጎ ይገኛል። የራሱን ስንጥቅ በቀለም የሚሸፍን ሰው ግን አንድ ቀን በቍልቍለት ላይ ይሰበራል። ስንጥቁን በጊዜ ያሳየ ሰው ገና ይታደሳል።

ጥያቄ።
1. ገዢው ስለ ብረቱ ከመጠየቁ በፊት ስለ ምን ይጠይቅ? ስለ ምንስ?
2. በአሮጌ ብስክሌት ላይ አዲስ ቀለም የሚያስጠረጥረው ስለ ምንድር ነው?
3. ያለቀ ሰንሰለት በምን ይታወቃል?
4. የግራው ፔዳል ወደ የት ሲዞር ይፈታል?
5. ወጣቱ ሹካውን በገዛ እጁ የቈረጠው ስለ ምንድር ነው? ባይቈርጠው ምን ሊሆን ይችል ነበር?